ሙቀቱን የት ጣልነው?

በአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ መስኮት መክፈት ድፍረት ይጠይቃል። ቀትር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ለአሥራ ሁለት ሰው በተሠራ ሚኒባስ ውስጥ አሥራ ስድስት ሆነን ተጠቅጥቀን፣ ላባችን በጀርባችን እየወረደ፣ አንዱ ደፋር መስኮቱን አንዲት ጣት ያህል ፈቅ ሲያደርግ ከኋላ ወንበር "ኧረ ዝጋው! ብርድ ልታስመታን ነው እንዴ?" የሚል ድምፅ ይሰማል። እኛ የደጋ ሰዎች ከሙቀት ይልቅ ነፋስን እንፈራለን። ጉንፋኑም፣ ቁርጥማቱም፣ የወገብ ሕመሙም የሚገባው በመስኮት ነው ብለን እናምናለን። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ ስለ አየር ማቀዝቀዣ ታሪክ መጻፍ ለዓሣ ስለ ጃንጥላ እንደማውራት ይቆጠር ይሆናል።

መቸም አገራችን ደጋ ብቻ አይደለችም። ድሬዳዋ አለ፤ ጋምቤላ አለ፤ ሰመራ፣ ጎዴ፣ መተሐራ አለ። በእነዚህ ከተሞች ኤሲ ጌጥ አይደለም። በአዲስ አበባም ቢሆን ሕንፃዎቻችንን ከእግር እስከ ራስ በመስታወት ማልበስ ከጀመርን ወዲህ፣ ፀሐይን በመስታወት ጋብዞ በኤሌክትሪክ ማባረር የሥልጣኔ ምልክት ሆኗል። በየሕንፃው ጀርባ ዞር ብላችሁ ተመልከቱ፤ ግድግዳው ላይ እንደ ቀፎ የተሰቀሉ ነጫጭ ሣጥኖች ታያላችሁ። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለነዚህ ሣጥኖች ነው። ከየት መጡ? በምን ዋጋ መጡ? ሲሰቀሉስ ማንን አደጋ ላይ ይጥላሉ? (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከአሠራሩ እንጀምር። ብዙዎቻችን ኤሲ ብርድ የሚያመርት ማሽን ይመስለናል። ብርድን የሚያመርት ማሽን ግን በዓለም ላይ የለም። ኤሲ ሙቀትን ከቤት ውስጥ እየተሸከመ ወደ ውጭ የሚጥል ተሸካሚ ነው። ዘዴውን አያቶቻችንም ያውቁት ነበር። በቆላ የሚጓዝ ሰው የውኃ ኮዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ ላይ ያንጠለጥለዋል። ጨርቁ ሲደርቅ ውኃው ይቀዘቅዛል፤ ምክንያቱም እርጥበቱ ተንኖ ሲሄድ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ኤሲ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ልዩነቱ የሚተነው ነገር ውኃ ሳይሆን በመዳብ ቧንቧ ውስጥ የታሰረ ጋዝ መሆኑ ነው። ጋዙ ቤት ውስጥ ካለው ክፍል ሙቀት ጠጥቶ ይወጣል፤ ውጭ ያለው ሣጥን ውስጥ ኮምፕረሰሩ ጨምቆ ሙቀቱን ያስተፋዋል፤ ከዚያ ባዶውን ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ከአንድ የቀዘቀዘ ክፍል ጀርባ ሁልጊዜ አንድ የሞቀ ውጭ አለ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ የሚከተለው ታሪክ ሁሉ በእሷ ዙሪያ ነው የሚሽከረከረው።

ሰው ቤቱን በማሽን ከማቀዝቀዙ በፊት በበረዶ ይነግድ ነበር። ፍሬድሪክ ቱዶር የሚባል የቦስተን ነጋዴ በ1806 ከአሜሪካ ሰሜናዊ ሐይቆች የተቆረጠ በረዶ በመርከብ ጭኖ ወደ ካሪቢያኗ ማርቲኒክ ደሴት ሲልክ፣ የከተማው ሰው "አብዷል" አለው። በ1833 ግን የቦስተን በረዶ ሕንድ፣ ካልካታ ድረስ ደረሰ። የዚህ ንግድ ትዝታ ዛሬም በኤሲ ሠሪዎች አፍ ላይ አለ። "አንድ ቶን ይበቃሃል፤ ለሳሎኑ ግን አንድ ተኩል ቶን ነው የሚያስፈልግህ" ሲሏችሁ ግድግዳዬ ሊፈርስ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። የሣጥኑን ክብደት አይደለም የሚነግሯችሁ። አንድ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲቀልጥ ከአካባቢው የሚወስደው ሙቀት ነው መለኪያው፤ 12 ሺህ ቢቲዩ የሚባለውም እሱው ነው። በረዶው ከቀለጠ መቶ ዓመት አለፈው፤ ቃሉ ግን አልቀለጠም።

ሰውን ለማቀዝቀዝ ሲል ማሽን ከሠሩት ቀዳሚው ሐኪም ነበር። ዶክተር ጆን ጎሪ ይባላል። በ1840ዎቹ ፍሎሪዳ ውስጥ አፓላቺኮላ በምትባል ሞቃት የወደብ ከተማ የወባና የቢጫ ወባ በሽተኞችን ያክም ነበር። በዘመኑ እምነት ወባ የሚመጣው ከመጥፎ አየር ነው። (አውሮፓውያን "ማላሪያ" የሚሉትም በጣልያንኛ "መጥፎ አየር" ማለት ስለሆነ ነው።) ጎሪ አየሩን ላቀዝቅዝ ብሎ ከሰሜን የመጣ በረዶ በሳፋ አድርጎ ከበሽተኞቹ ራስ በላይ ሰቀለ። መርከብ ሲዘገይ በረዶ ያልቃል፤ በሽተኛው ደግሞ መርከብ አይጠብቅም። ስለዚህ በረዶ የሚሠራ ማሽን ፈጠረና በ1851 የባለቤትነት መብት አገኘበት። ጋዜጦች ሳቁበት፤ ገንዘብ የሚያበድረው ጠፋ፤ በ1855 ደህይቶ ሞተ። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን ሮናልድ ሮስ ያረጋገጠው በ1897 ነው። ምስኪኑ ጎሪ የበሽታውን ምክንያት ስቶ መድኃኒት ያልሆነ ግን ትልቅ ነገር ሠራ። ዛሬ ሐውልቱ ዋሽንግተን ውስጥ በአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ ቆሞለታል። ሰውን ገድሎ ሐውልት ማቆም የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም ለካ!

የዛሬው ኤሲ የተወለደበት ዓመት 1902 ነው። ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ አንድ የቀለም ማተሚያ ቤት በበጋ ወራት ይቸገር ነበር። አየሩ እርጥበት ሲይዝ ወረቀቱ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ ልክ አልቀመጥ ይላል። ዊሊስ ካሪየር የሚባል የ25 ዓመት መሐንዲስ የአየሩን እርጥበት የሚቆጣጠር መሣሪያ ነደፈለት። ልብ በሉ፤ ያ መሣሪያ የተተከለው ለወረቀቱ ነው። በዚያ ሙቀት ቆመው የሚሠሩት አታሚዎች የቀዘቀዙት በወረቀቱ ሳቢያ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬ ወረቀት ከሰው ቀድሞ እንዲህ ሲከበር ማየቴ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን አላለኝም። እኛም ጋ ቢሆን ታሪኩ ብዙ አልተለየም። በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ብትዞሩ ጥሩ የሚቀዘቅዘው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሮቹ የተቀመጡበት ነው። ሠራተኛው በመስታወቱ በኩል ፀሐይ እየጠበሰው ጋዜጣ ያራግባል።

በዚያው በ1902 ማብቂያ ላይ፣ ብሩክሊንን ከነወረቀቱ በማያውቅ በረሃ ውስጥ፣ ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ተራራውን መውጣቱ ገንዘብም ጉልበትም የሚጠይቅ ሆኖ ስለተገኘ ሐዲዱ እዚያው ቆመ፤ በቆመበትም ድሬዳዋ ተወለደች። እንግዲህ ድሬዳዋና ኤሲ የዕድሜ እኩዮች ናቸው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከተማዋን የነደፏት ሰዎች ኤሲ አልነበራቸውምና ሙቀቱን በሌላ መንገድ ነው የተደራደሩት። ከዚራን ያየ ሰው ይገባዋል። ሰፋፊ ጎዳናዎች፣ ከግራና ከቀኝ ጥላቸውን የሚያጋጥሙ ዛፎች፣ ጥልቅ በረንዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ወፍራም ግድግዳ። ሰዉም ቀትር ላይ ሱቁን ዘግቶ ጥላ ይፈልጋል፤ በሙቀቱ ወራት ማታ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ይተኛል። ይህ ሁሉ ሙቀትን ጎረቤት ላይ ሳይጥሉ የማቀዝቀዝ ጥበብ ነው። ዛፍ የቆረጥነውን ያህል፣ በረንዳ የዘጋነውን ያህል የኤሲ ዕዳ ውስጥ እንገባለን።

ወደ ማሽኑ ልመለስ። የመጀመሪያዎቹ ማቀዝቀዣዎች የሚፈሩ ነበሩ። በቧንቧቸው ውስጥ የሚዞረው አሞኒያ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወይም ሜታይል ክሎራይድ ነው። አሞኒያ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፤ ሜታይል ክሎራይድ ደግሞ ሽታው ደካማ ስለሆነ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በ1920ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች በፍሪጅ ጋዝ ቤተሰብ መሞቱ የጋዜጣ ወሬ ሆነ። በርሊን ውስጥ እንዲህ ያለ ዜና ያነበበው አልበርት አንስታይን "ይህማ መፍትሔ ያስፈልገዋል" ብሎ ተነሣ ይባላል። ከወጣቱ የፊዚክስ ሊቅ ከሊዮ ዚላርድ ጋር ሆኖ የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው፣ ስለዚህም በማሸጊያው በኩል የማያፈስ ፍሪጅ ነደፉ፤ በ1930 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት አገኙበት። ገበያ ግን አልወጣም። የዓለማችን ትልቁ አእምሮ ፍሪጅ ሰዎችን እንዳይገድል በማሰብ ዓመታት ማሳለፉን ሳስብ፣ "ለሽቦ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ጭንቀት?" እያሉ በአደጋ መከላከያ የሚያላግጡ ሰዎች ትዝ ይሉኛል።

ፍሪጁን ያልተሳካለት የፈላስፋው መንገድ ነው፤ የተሳካለት የኬሚስቱ ሆነ። ቶማስ ሚጅሊ ይባላል። በ1928 ከባልደረቦቹ ጋር የማይመርዝ፣ የማይነድ፣ የማይሸት ጋዝ አገኘ፤ በኋላ ፍሪዮን ተባለ። በ1930 በአሜሪካ ኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ቀርቦ ጋዙን በሳንባው ሙሉ ሳበና ወደሚነድ ሻማ ተነፈሰው፤ ሻማው ጠፋ፤ ሚጅሊ ግን አልሞተም። አዳራሹ አጨበጨበ። ማሽኑ በዚያች ትንፋሽ ከፋብሪካ ወጥቶ መኝታ ቤት ገባ ማለት ይቻላል። ሕፃን ካለበት ክፍል፣ ሆስፒታል፣ መኪና፣ ሲኒማ፤ ሁሉም ቦታ ፍሪዮን። ይኸው ሰው ቀደም ሲል ቤንዚን ውስጥ እርሳስ እንዲጨመር ያደረገ ነው። በ1940 በፖሊዮ ሽባ ሆነና ራሱን ከአልጋ የሚያነሣበት የገመድና የመዘውር መሣሪያ ሠራ፤ በ1944 በዚያው ገመድ ታንቆ ተገኘ። ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ድርሰት ቢያመጡልኝ "አጋጣሚው ተጋነነ፤ ቀንሰው" ብዬ በቀይ እመልሰው ነበር።

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። የፍሪዮን ደግነት የሚባለው ከምንም ነገር ጋር አለመዋሐዱ ነበር። ጥፋቱም ከዚያው መጣ። ከተጣለ ፍሪጅ፣ ከሚያፈስ ኤሲ፣ ከሽቶ ቆርቆሮ የወጣው ጋዝ ሳይበላሽ ለአሥርታት ወደ ላይ ይጓዛል። በ1974 ማርዮ ሞሊና እና ሸርውድ ሮውላንድ ይህ ጋዝ ሰማይ ላይ ሲደርስ በፀሐይ ጨረር ተሰብሮ ክሎሪን እንደሚለቅ፣ ክሎሪኑም ከጨረር የሚጋርደንን የኦዞን ሽፋን እንደሚበላ ጻፉ። ፋብሪካዎቹ ተቃወሙ፤ "ግምት ነው" አሉ። በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች አንታርክቲካ ላይ ኦዞኑ በየፀደዩ ክፉኛ እየሳሳ መሆኑን አሳወቁ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ከጊዜ በኋላም የዓለም አገሮች ሁሉ ገቡበት። ሁለቱ ሳይንቲስቶች ከፖል ክሩትዘን ጋር በ1995 ኖቤል ተሸለሙ። በ2023 መጀመሪያ የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ግምገማ እንደሚለው፣ ስምምነቱ ከተጠበቀ የአንታርክቲካ ኦዞን በ2066 ገደማ ወደ 1980ው መጠኑ ይመለሳል። መሞሊያው ለአንድ ክፍል ቅዝቃዜ፤ ማገገሚያው ለሁለት ትውልድ!

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ፍሪዮንን የተኩት ጋዞች ኦዞኑን ባይነኩም ምድርን ያሞቃሉ። በብዙ ኤሲዎች ውስጥ የሚገኘው አር-410ኤ የሚባለው፣ ኪሎ ለኪሎ ሲመዘን፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁለት ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። ቤታችንን ልናቀዘቅዝ ዓለምን ማሞቃችን ነው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ለዚህ ደግሞ በ2016 መንግሥታት ኪጋሊ ላይ ተሰብስበው እነዚህንም ጋዞች ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ ተስማሙ። አሁን ተተኪ ሆነው የሚመጡት አር-32 እና አር-290 ናቸው። ለሰማዩ ይሻላሉ፤ ግን ይነዳሉ። የመጀመሪያው በመጠኑ ይነዳል፤ ሁለተኛው ምድጃ ላይ የምናውቀው የፕሮፔን ጋዝ ነውና አያስታምምም። ከመቶ ዓመት ዙረት በኋላ አደጋው ከሰማይ ወርዶ ተመልሶ ቤታችን ገባ። በመሐሉ የቆመው ማነው? ድሪል ይዞ መሰላል ላይ የወጣው ልጅ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ድሬዳዋ በአንድ ሠርግ ምክንያት ሰንብቼ ነበር። ካረፍኩበት ቤት ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ወጣት የውጭውን ሣጥን ይሰቅላል። ወገቡ ላይ ገመድ አለ። በዓይኔ ገመዱን ተከትዬ ሄድኩ፤ የታሰረው አሁን በሰቀለው በራሱ በኤሲው መደገፊያ ብረት ላይ ነው። ሲወርድ ጠብቄ ሻይ ጋበዝኩት።

"ልጄ፣ ያ ብረት ቢነቀልስ?" አልኩት።

"ጋሼ፣ እሱ ከወደቀማ እኔም ብከተለው ይሻለኛል፤ ዕዳውን ማን ይከፍላል?" ብሎ ሳቀ።

"የደህንነት ቀበቶ የላችሁም?"

"አለ፤ ግን ማሰሪያ ቦታ መብሳት አለብኝ። ያ ደግሞ ግማሽ ቀን ይበላል። ባለቤቱ የሚከፍለኝ በተሰቀለ ነው እንጂ በታሰረ አይደለም።"

በተሰቀለ እንጂ በታሰረ አይደለም! ስለ አደጋ መከላከል ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ነገሩን እንዲህ አሳጥሮ የነገረኝ ግን አልነበረም።

ያ ልጅ ሥራውን ያውቃል። ቀስ እያልኩ ስጠይቀው የነገረኝን፣ በኋላም ከሌሎች ባለሙያዎች ያጣራሁትን ላካፍላችሁ። መጀመሪያ ግድግዳው ነው። የውጭው ሣጥን ከ25 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ ደግሞ ቀን ከሌት ይንቀጠቀጣል። ኮንክሪት ኮለን ላይ የተመታ ብሎን ይይዛል። መሐሉ ባዶ በሆነ ብሎኬት ላይ የተመታ ግን ለዓመት ሁለት ዓመት ያታልልና አንድ ቀን ከነፍርፋሪው ይወጣል፤ ከሥር የሚያልፈው ማን እንደሚሆን እግዜር ነው የሚያውቀው። ሁለተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። ኤሲ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል፤ ከእንጀራ ምጣድ ጋር አንድ ሽቦ የሚጋራ ኤሲ ያለበት ቤት እሳትን በቀጠሮ የጠራ ቤት ነው። ብዙ አሮጌ ቤቶቻችን ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያላቸው፤ ሦስተኛው፣ ወደ መሬት የሚወርደው፣ የለም። ሽቦ ተልጦ ብረቱን ሲነካ ኤሌክትሪኩ መሬት የሚያገኘው እንግዲህ በሚነካው ሰው በኩል ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ኮምፕረሰሩ ወዲያው እንዳይነሣ ሦስት ደቂቃ ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል፤ እኛ አገር ይኼን ምክር ለመለማመድ ዕድል አላነሰንም።

ሦስተኛው ጋዙ ነው፤ ታሪኩ ከነመዘዙ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። አዲስ ቧንቧ ሲያያዝ ይፍሰስ አይፍሰስ መፈተሽ ያለበት በናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ሲጠፋ "ያው አየር አይደል?" ብሎ የብየዳ ኦክስጅን የሚሞላ ሰው አለ። በግፊት ያለ ኦክስጅን ከኮምፕረሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ጋዙን ወደ ሣጥኑ ሰብስቦ ማሽኑን ሳያጠፋ ቧንቧ የሚፈታም እንዲሁ ነው፤ አየር ይገባና ከዘይቱ ጋር ይታመቃል፤ ኮምፕረሰሩ እጁ ላይ ይፈነዳል። ቧንቧው በቫኪዩም ፓምፕ ተመጥጦ አየርና እርጥበቱ ካልወጣ ደግሞ ማሽኑ ዕድሜ አይኖረውም። አሮጌውን ጋዝ በሲሊንደር መሰብሰብ ሲገባ "ፍሽሽሽ" አድርጎ ወደ ሰማይ መልቀቅስ? እሱ የሚጅሊን ሻማ እንደገና ማጥፋት ነው። ሚጅሊ አላወቀም ነበር፤ እኛ እናውቃለን።

አራተኛው ውኃው ነው። ኤሲ ከአየሩ የሚያወጣው እርጥበት ቧንቧው በደንብ ካላዘነበለ ወይ ግድግዳ ያበሰብሳል ወይ መንገደኛ ላይ ይንጠባጠባል። የተጣለ ውኃ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በትልቁ ያሳየችው ፊላደልፊያ ነች። በሐምሌ 1976 በአንድ ታዋቂ ሆቴል የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ስብሰባ አደረገ። ከቀናት በኋላ ሰዎች በሳንባ በሽታ መውደቅ ጀመሩ፤ 221 ሰው ታሞ 34 ሞተ። በጥር 1977 መንስኤው እስከዚያ ያልታወቀ ባክቴሪያ መሆኑ ተገለጸ፤ በሟቾቹ ማኅበር ስም ሌጂኦኔላ ተባለ። ጥርጣሬው የወደቀው በሆቴሉ የማቀዝቀዣ ሥርዓት ላይ ነው። እንዲህ ያለው ባክቴሪያ የሚራባው በትልልቅ ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ ባሉ ክፍት የውኃ ማቀዝቀዣ ማማዎች ውስጥ ነው እንጂ በቤታችን ትንሽ ኤሲ አይደለምና አትስጉ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ከታመሙት መካከል 39ኙ በስብሰባው ላይ አልነበሩም፤ አብዛኞቹ በሆቴሉ አጠገብ ያለፉ መንገደኞች ናቸው። ቅዝቃዜውን ሳይቀምሱ ጦሱን ተቀበሉ።

እንግዲህ ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይኼው ነው። የማቀዝቀዣ ታሪክ መቶ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው፦ ከእኔ ክፍል ያወጣሁትን ማን ላይ ጣልኩት? ጎሪና ካሪየር ሙቀቱን ውጭ ጣሉት። ሚጅሊ መርዙን ሰማይ ላይ ጣለው። የፊላደልፊያው ሆቴል በሽታውን መንገደኛ ላይ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ብዙ ልጆቻችን ከኤሲ ጋር የተዋወቁባቸው ከተሞች ውስጥ፣ ማማዎቹ ውስጥ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል፤ ማማውን የሚሠራው ሰው ግን ውጭ ፀሐይ ላይ ነው። መንግሥታቱ በበጋ ወራት ቀትር ላይ የውጭ ሥራ የሚያግድ ሕግ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። እኛ ደግሞ፣ አነስ አድርገን፣ አደጋውን በቀን ሥራ በስልክ የጠራነው ልጅ ላይ እንጥለዋለን።

ጥያቄው ከኤሲም ከኤሌክትሪክም ይቀድማል። ከሦስት ሺህ ሰባት መቶ ዓመት በፊት የባቢሎኑ ሐሙራቢ ሕግ፣ የሠራው ቤት ፈርሶ ባለቤቱን የገደለ ግንበኛ በሞት ይቀጣ ብሏል። ጨካኝ ነው፤ ሲያዩትም ኃላፊነቱን ሁሉ በሠሪው ላይ ይጭናል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። አዲስ ቤት የሠራህ እንደሆነ ሰው እንዳይወድቅ በጣሪያህ ዙሪያ መከታ አድርግ፣ አለዚያ ደሙ በቤትህ ላይ ይሆናል የሚል ትእዛዝ አለ። ንግግሩ ለግንበኛው አይደለም፤ ለባለቤቱ ነው። በጣሪያው ላይ የሚወጣው እንግዳ ይሁን፣ ጎረቤት ይሁን፣ ሠራተኛ ይሁን አይለይም።

በእኛ አገርም ሕጉ የለም አይባልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይኼኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያዝዛል። ችግሩ ያ የድሬዳዋ ልጅ አሠሪው ማነው? ዕቃውን የሸጠው ሱቅ "እኔ የሸጥኩት ማሽን ነው" ይላል። ሕንፃው "ተከራዩ ነው ያስጠራው" ይላል። ተከራዩ "እሱ ባለሙያ ነው፤ ያውቅበታል" ይላል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አለው፤ ልጁ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ነው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ከአዋጅ ያነሰ ነው። ኤሲ ስታስተክሉ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። የሚሰቀለው ኮለን ላይ ነው ብሎኬት ላይ? የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ አለው? ቧንቧው የሚፈተሸው በምንድነው፣ አሮጌው ጋዝስ የት ይሄዳል? ቀበቶህን የምታስረው የት ነው? ለአራተኛው ጥያቄ ግማሽ ቀን ያስፈልገኛል ካላችሁ የግማሽ ቀኑን ክፈሉት፤ ደረሰኙም ላይ ለብቻው ይጻፍ፦ "ለማሰሪያ" ተብሎ። ገንዘቡ የኤሲው ዋጋ አካል ነው፤ እስካሁን ሳንከፍለው የቆየነው ሌላ ሰው ሲከፍልልን ስለኖረ ብቻ ነው።

የደጋው አንባቢዬ ደግሞ "እኔ ኤሲ የለኝም፤ ምን አገባኝ?" ቢል መብቱ ነው። ነገር ግን ነገ ከቤቱ ወጥቶ በአንዱ ባለመስታወት ሕንፃ ሥር ሲያልፍ ቀና ይበልና እነዚያን ነጫጭ ሣጥኖች ይቁጠራቸው። ከዚያ ብሎናቸው የተመታው ምን ላይ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ። መስኮት ስለመክፈት የምንጨነቀውን ያህል አንድ ቀን ስለዚህም ብንጨነቅ ጥሩ ነበር።